ሚኒ ኩፐርና የሁለተኛው ባለቤት ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ በእንግሊዝ አገር ቤንዚን በመጠን መታደል በጀመረ ጊዜ፣ የብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን ሊቀ መንበር ሌናርድ ሎርድ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ነገር ግን አራት ሰው ከነጓዙ የሚይዝ ትንሽ መኪና በአስቸኳይ እንዲሠራ አዘዙ። ሥራው የተሰጠው ለመሐንዲሱ ለአሌክ ኢሲጎኒስ ሲሆን፣ ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሞተሩ ኩባንያው አስቀድሞ ከሚያመርታቸው መካከል እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ ትእዛዝ የተገኘው ሚኒ በኦገስት 1959 ለሽያጭ ቀረበ። ይህ መኪና በሙያው ዓለም የተመሰገነበት ብልሃትና በጋራዥ የተማረረበት ብልሽት ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸው ግን እምብዛም አልተነገረም።

የመኪናው ርዝመት 3.05 ሜትር ብቻ ነበር። ኢሲጎኒስ ሞተሩን በአግድም አስቀመጡት፤ ካምቢዮውንም ከሞተሩ ሥር፣ በዘይት መያዣው ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ዘይት ይሠሩ ጀመር። ጎማው ባለ 10 ኢንች ሆነ፤ በብረት ሞላ ፈንታም አሌክስ ሞልተን የነደፉት የጎማ ሾጣጣ ገባ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከወለሉ ስፋት 80 በመቶ ያህሉ ለሰውና ለዕቃ ተረፈ። የመሸጫ ዋጋውም ከነቀረጡ 497 ፓውንድ ገደማ ነበር። የፎርድ ሰዎች አንዱን መኪና ገዝተው እስከ መጨረሻው ቡሎን ከፈቱት በኋላ፣ ሠሪው በእያንዳንዱ መኪና 30 ፓውንድ ያህል እንደሚከስር ገምተዋል ይባላል። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ገዢው ያልከፈለው ገንዘብ ኋላ በሌላ መልክ ተጠይቋል ማለት ይቻላል።

የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር የዚህን ትንሽ መኪና የመንገድ አያያዝ አይተው ኃይሉ እንዲጨመር ኩባንያውን አግባቡ። በ1961 ሚኒ ኩፐር 997 ሲ.ሲ. ሞተር፣ ሁለት ካርቡራቶርና ከፊት የዲስክ ፍሬን ይዞ ወጣ። ጉልበቱም 55 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1963 ኩፐር ኤስ ተከተለው፤ በ1964 ደግሞ ባለ 1275 ሲ.ሲ. ሞተሩ ዓይነት መጣ። የሞንቴ ካርሎን ውድድር በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸነፈ። በ1966ም አንደኛ ቢወጣም በፊት መብራቱ ሰበብ ተሰርዟል። ይህ ዝና መኪናውን የወጣቶች ምኞት አደረገው። ሆኖም አብዛኛው ወጣት አዲስ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው የተመኘውን ያገኘው ከሌላ ሰው እጅ፣ ብዙ ከተነዳ በኋላ ነበር።

የዚህን ሁለተኛ ባለቤት ወጪ ለመረዳት ከካምቢዮው መጀመር ይገባል። በሌላ መኪና ካምቢዮ ሲበላሽ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያወርደዋል፤ ሞተሩ በቦታው ይቀራል። በሚኒ ግን የሁለተኛው ማርሽ ማስማሚያ ቀለበት ቢያልቅና ማርሹ ሲገባ ቢያጓራ፣ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ በካቴና ተነሥተው መውጣት፣ ከዚያም መለያየት አለባቸው። የሚለወጠው ቀለበት በመዳፍ የሚያዝ ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሚከፈለው ለሥራው ሰዓት ነው። በተጨማሪም ጥርሶቹ ዘይቱን እየፈጩ ያቀጥኑታል፤ ከእነርሱ የሚረግፈው የብረት ብናኝም የሞተሩ ኩሽኔታ በሚቀባበት በዚያው ዘይት ውስጥ ይዞራል። ዘይት ቶሎ ቶሎ መለወጥ በዚህ መኪና ከምክር ያለፈ ግዴታ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ይህን ቸል ብሎ እንደሆነ ሞተሩ ሲሞቅና በዝግታ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። በኩፐር ኤስ ይህ የከፋ ነው፤ ኮሎው ከተለየ ብረት የተሠራ ስለሆነ ምትኩ ከተራው ሚኒ ኮሎ እጅግ ይወደዳል። ሞተሩ ሳይነዳ እየሠራ የሚሰማ የጥርስ ንቅንቅታ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው አስተላላፊ ጥርስ ኩሽኔታው መበላቱን ያመለክታል። ይህን የማያውቅ ገዢ ድምፁን የእሽቅድምድም መኪና ባሕርይ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

በአንጻሩ ጥቂት ሳንቲም የሚያድነው ብልሽትም አለ። ሞተሩን ከላይ የሚያረጋጋው ዘንግ በሁለት ትንንሽ ጎማዎች ተይዟል። እነዚህ ሲያልቁ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ቀጥሎም የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ብዙዎች ጎማዎቹን ትተው ቱቦውን ደጋግመው አስበይደዋል።

ዝናብ ደግሞ ሌላ ጉድለት ገለጠ። በሙከራው ዘመን ካርቡራቶሩ ከፊት ስለነበረ በብርድ በረዶ ይይዘው ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ፊቱ ወደ ኋላ እንዲዞር ተደረገ፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ስፒንትሮጀን ግን ከአየር ማስገቢያው ፍርግርግ ጀርባ ተጋልጦ ቀረ። በኃይለኛ ዝናብ ሞተሩ ሲጠፋ ባለቤቶቹ የጎማ ጓንት አልብሰውት ይነዱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ወለልም፣ ላሜራው በተቃራኒ አቅጣጫ ተደርቦ ስለተበየደ፣ የመንገዱን ውኃ እየቀዳ ወደ ውስጥ ያስገባ ነበር። ይህኛውን ፋብሪካው ቶሎ አርሞታል።

ያልታረመው ዝገት ነው። ሚኒ እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ጭነቱን ይሸከማል፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ደጋፊ የብረት ክፈፎች ይታሰሩበታል። የእንግሊዝ የክረምት መንገድ ደግሞ ጨው ይነሰነስበታል። ጨዋማው ጭቃ ከበሩ ሥር ያለውን ሳጥን ማንጠፍጠፊያ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። የኋላው ክፈፍም እንዲሁ ነው። በ1960 ለ10 ዓመት መኪናዎች ብቻ የተጀመረው የመንግሥት ምርመራ በ1967 ወደ 3 ዓመት ከወረደ ወዲህ፣ የበሰበሰ ክፈፍ መኪናውን ከመንገድ የሚያስወጣ ሆነ። ክፈፉን ለመለወጥ የፍሬኑ ቱቦ፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድና ማርሚታው ይፈታሉ። የዛገው ቡሎን ሲፈታ ይበጠሳል፤ የሚታሰርበት ላሜራም አብሮ ተቀዶ ይገኛል። አንድ ክፈፍ ሊለውጥ የመጣ ባለቤት የብየዳ ሂሳብ ተጨምሮበት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሻጭ የበሰበሰውን ሳጥን ሳይቆርጥ በላዩ አዲስ ላሜራ ደርቦ ቀለም ይቀባው ነበር፤ እርጥበቱም በሁለቱ መካከል ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን በካቻቪቴ የወጋ ገዢ ብቻ ከዚህ ይድን ነበር።

በ1971 ብሪቲሽ ሌይላንድ ከጆን ኩፐር ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። ስሙ በ1990 ተመለሰ፤ የድሮው ሚኒ ምርትም በ2000 ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ ቆመ። ዛሬ ያልተነካካ የ1960ዎቹ ኩፐር ኤስ ዋጋው በጣም ስለናረ ተራ ሚኒን ኩፐር አስመስሎ መሸጥ የታወቀ ማታለል ነው። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅትም አዲስ የሚኒ አካል ሙሉውን እየሠራ ይሸጣል፤ ሞተሩና ካምቢዮው እንደ ቀድሞው በአንድነት ተነሥተው በዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ።