«ፈረመ» እና «ፌርማታ»፦ የአንድ የላቲን ግሥ ጉዞ እስከ ጅማ

መሐንዲስ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ጥቂት ጊዜ የሚወስደው መፈረም ነው። ንድፉ ወራት፣ ግንባታው ዓመታት ሲፈጅ ፊርማው በቅጽበት ያልቃል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠይቀው ይኸው ነው። ስለሆነም ቃሉ ከወዴት እንደ መጣና በመንገዱ ምን ምን ትርጉም እንደ ያዘ መመርመር ለሙያችን እንግዳ ነገር አይሆንም።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሆና ነበር። የጊቤን ሸለቆ አቋርጦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይም በዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ሠርተውበታል። ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ታርጋ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት ዛሬም በከተማዪቱ ጋራዦች ይሰማሉ። «ፊርማ» እና «ፌርማታ»ም ከዚሁ ቋንቋ የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱ የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

በላቲን «ፊርሙስ» ማለት ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ከእርሱ የወጣው «ፊርማሬ» የተባለው ግሥ ማጽናት፣ ማጠንከር የሚል ትርጉም ነበረው። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ይህን ግሥ እንደ ውርስ ርስት ተከፋፈሉት። ጣሊያኖች ከሕዝቡ አፍ በመጣው «ፌርማሬ» አንድን ነገር እንዳይንቀሳቀስ ማድረግን፣ ማለትም ማቆምን ገለጹበት፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ «ፌርማታ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊዎቹ የጠበቁት «ፊርማሬ» ደግሞ ሰነድን በእጅ ጽሕፈት ማጽናት ሆነ። ፈረንሳዮች በር በመወርወሪያ ሲጸና አይተው «ፌርሜ»ን መዝጋት አደረጉት። እስፓኞች «ፊርማር» ሲሉ መፈረም ነው፤ «ፊርሜ» የሚለውን ቅጽል ግን ለመንገድ ጠጠርና አስፋልት ንጣፍም ሰጥተውታል፤ ይህም የመንገድ መሐንዲሶቻችንን ደስ ሳያሰኝ አይቀርም።

የግሡ ጉዞ በዚህ አላበቃም። በመካከለኛው ዘመን ለመሬት የሚከፈል ቁርጥ ኪራይ «ፊርማ» ይባል ነበር፤ ቁርጥና የማይለወጥ ነውና። ቃሉ ከኪራዩ ወደ መሬቱ ተሻግሮ ለፈረንሳይኛው «ፌርም»፣ ለእንግሊዝኛውም «ፋርም» መነሻ ሆነ። በሊሙና በጌራ የሚገኝ የቡና እርሻ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሚያገኘው ስም እንግዲህ የፊርማችን የሥጋ ዘመድ ነው። የንግድ ድርጅት «ፈርም» መባሉም ነጋዴው ውሉን ከሚፈርምበት ስም የመጣ ነው።

በዚህ ስፍራ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን አያረጋግጥም። በአጋሮ ዙሪያ ያለው የጎማ አገር ከጊቤ አምስት መንግሥታት አንዱ የነበረ ሲሆን፣ ስሙ ከመኪና ጎማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሂርማታም ጣሊያን ሳይመጣ በፊት የታወቀ ገበያ ነበርና ከፌርማታ አልተወለደም። የግንበኞቻችን «ፌሮ» እንኳ ብረት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ እንጂ የ«ፊርሙስ» ወገን አይደለም።

አማርኛ ሁለቱን ቃላት የተቀበለበት መንገድ የተለያየ ነው። «ፌርማታ» እንደ መጣ ስም ሆኖ ቀርቷል። ከ«ፊርማ» ግን ፈ፣ ረ፣ መ የተባሉት ሦስት ፊደላት እንደ ምሰሶ ተተክለው ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ ፈራሚ ተብሎ እንደ አገር ቃል ረባ። ሐሳቡ ከቃሉ በፊት በአገራችን ነበረ፤ ነገሥታቱ ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር። ዛሬም የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ውሳኔ «አጸና» ስንል፣ ሳናውቀው የላቲኑን ግሥ የጥንት ትርጉም በራሳችን ቃል እየተናገርን ነው።

ይህን የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በአጋሮ አካባቢ ለአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በተዘረጋ የውሃ መስመር ርክክብ ላይ ፈረምኩ። መስመሩ በሙሉ ግፊት አልተፈተነም ነበር፤ ጊዜው መሽቶ፣ መኪናው ተነሥቶ ይጠብቀን ነበር። የለቀማው ወራት ሲደርስ አንዱ መገጣጠሚያ ፈነዳ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ የዚያን ቀን ብዙ ገበሬዎች በጀርባቸውና በአህያ ያመጡት ቡና በጆንያ ውስጥ ሞቆ አደረ። ስንጠራ ሄድን። ከአባላቱ አንድ ሽማግሌ የርክክቡን ወረቀት እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ለብድር ጣቴን ሳሳርፍ ዳኛ ፊት አቁመውኛል። አንተ ስትፈርም ማን አቆመህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሽማግሌው የተናገሩት ሕጉን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፣ መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የተማረው ሰው ፊርማ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልተደረገለትም፤ የሚያውቅ ሰው ራሱን ያቆማል ተብሎ ታምኖበታልና።

ከዚያን ቀን ወዲህ የግፊት መለኪያው መርፌ የተወሰነለትን ሰዓት ሳይወርድ መቆየቱን በዓይኔ ሳላይ ብዕር አላነሣም። ላቲኑ ለሁለቱ ቃላት አንዲት እናት መስጠቱ ያለ ነገር አልመሰለኝም። የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከፊርማው አስቀድሞ ፌርማታ ይኑረን፤ በእጃችን የምናጸናው ነገር በእርግጥ ጸንቶ እንደ ሆነ የምናይበት ጥቂት ጊዜ።