የአዲስ አበባ አሮጌ የእንጨት በረንዳዎችና እድሳታቸው

ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የአሠሪዎቹን ማዕረግና የአናጢዎቹን ጥበብ ይተርክልናል፤ ቤቶቹን ከዚያ ወዲህ ማን እንደ ጠገናቸው፣ በምንስ ገንዘብ እንደ ጠገናቸው ግን እምብዛም አይነግረንም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ከቤቱ ክፍል ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀውን የእንጨት በረንዳ መርጠን የእድሳቱን ነገር እንመረምራለን።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ሲባል ፈጥኖ ተመነጠረ። የእንጨቱ እጦት ዐፄ ምኒልክን መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ አድርሷቸው ነበር፤ ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት የባሕር ዛፍ መስፋፋት ነው። ይኸው ለውጥ ለበረንዳው ዕዳ አመጣበት። ጥድ ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ባሕር ዛፍ ግን ርካሽና ቶሎ አዳጊ ይሁን እንጂ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይደፍረዋል። እንግዲህ የጥድ ወለል በባሕር ዛፍ ሲጠገን መጠገኛው ከተጠገነው ቀድሞ ቢያረጅ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያለባቸው የቀድሞ በረንዳዎች፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት የመሰሉት፣ ሰፊ የጣሪያ ከፈፍ ነበራቸው። ከፈፉ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይመስለንም። በዓመት ወደ 1200 ሚሊሜትር ዝናብ በሚወርድበት አገር እንጨት ከመቶ 20 በላይ እርጥበት ይዞ ከቈየ መበስበሱ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ ያነሰው ሰው መጀመሪያ ሊጠግን የሚገባው ወለሉን ሳይሆን ቆርቆሮውንና አሸንዳውን ነው። ቀጥሎ በምስማር ጫፍ ምሰሶውን ከግርጌው፣ ተሸካሚውን ሞራሌ ከጫፉ ይወጋል፤ ምስማሩ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ሞራሌው በከፊል ብቻ የተጐዳ እንደ ሆነ ሌላ ደኅና ሞራሌ ከጐኑ አጣብቆ ማሰር ይበቃል። ጣውላውም ውኃ እንዲያሳልፍ ጥቂት ክፍተት ይተውለታል። የምሰሶውን ግርጌ በሲሚንቶ መክበብ ግን፣ ምንም እንኳ ብዙ ሰው ቢያደርገው፣ ውኃውን ውስጥ ዘግቶ ያስቀምጣል፤ ከድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ለምስጥ ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይትም አፈሩን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ታዲያ ስለ ምን አልተደረገም? መልሱን የምናገኘው ከሕጉ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ይህ ለድኻው ተከራይ ታላቅ እፎይታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቀበሌው ከዚያች ኪራይ የሚያድሰውን ያህል አያገኝም ነበር፤ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ጣውላ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይሠጋል። በሁለቱ መካከል አሸንዳው ይቀደዳል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ወለሉ ይወድቃል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በየሰፈሩ ለቀሩት በረንዳዎች ከሁሉ የሚረክሰው መጠገኛ፣ ምስማሩ ተነቅሎ በጥላ ሥር የተከመረ የፈረሰ ቤት የጥድ ጣውላ ነው፤ ይህም ጣውላ ለማገዶ ከመሸጡ በፊት መሰብሰብ አለበት።