መዝገቡ ያልጻፈው ጢስ

ሰው በወባ ሞተ፣ በመኪና አደጋ ሞተ፣ በጥይት ሞተ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። «በጢስ ሞተ» ሲባልስ? ቤት ተቃጥሎ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይባልም። ዛሬ የማጫውታችሁ በአምስት ቀን ጢስ የተነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን ስለ ቀበረች ከተማ ነው። የሟቾቹ መዝገብ ሲገለጥ የሚነበበው ግን ብሮንካይት፣ የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም የሚል ነበር። ገዳዩ መዝገቡ ላይ አልነበረም። ታዲያ እንዴት ተደረሰበት?

ከተማዋ ለንደን ናት። ጊዜው ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952። ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካላልኳችሁ በቀር፣ በእነርሱ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። እንግሊዝ ጦርነቱን ብታሸንፍም ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃለች፤ ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን የድንጋይ ከሰል ለውጭ ገበያ ትሸጣለች፤ ለሕዝቧ የሚቀረው ብዙ የሚጨሰው፣ ርካሹና ድቃቂው ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ብርዱ በረታ። ቤቶቹ የሚሞቁት በየክፍሉ ባለ ምድጃ ስለሆነ ሰዉ ያገኘውን ከሰል ጨመረበት። እንደ ባተርሲና ባንክሳይድ ያሉት፣ በከተማዋ መካከል የቆሙ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም የሚሠሩት በከሰል ነበር።

ይህ ብቻውን አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር አየሩ ነው። በተለመደው ቀን ምድር ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ጢሱንም ይዞት ይሄዳል፤ ነፋስ ይበትነዋል። በእነዚያ ቀናት ግን ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኛ፤ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ገጠመው፤ ነፋስም ጠፋ። ድስት ተጥዶ ክዳኑ እንደ ተከደነ አስቡት። የብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በእያንዳንዱ ቀን 1,000 ቶን የጢስ ብናኝ ወደዚያ ድስት ይገባ ነበር። ከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝም አብሮ ይቃጠላል። ድኝን ከሰዶምና ገሞራ ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ሲነድድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። ከዚያም 370 ቶኑ በጭጋጉ ጠብታዎች ውስጥ ወደ 800 ቶን ሰልፈሪክ አሲድ ተለወጠ፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ማለት ነው። የለንደን ሰው ይህንን ነበር የሚተነፍሰው።

ከተማዋ ታወረች። ትኬት ቆራጮች ከአውቶቡሱ ወርደው ችቦ ይዘው ከፊት እየተራመዱ ሹፌሩን ይመሩት ነበር፤ ኋላም አውቶቡሶቹ ቆሙ፤ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር ብቻ ቀረ። አይል ኦፍ ዶግስ በሚባለው ሰፈር ሰው የገዛ እግሩን ማየት አቃተው። ሳድለርስ ዌልስ በተባለው ቲያትር ቤት ጢሱ በር አልፎ ገብቶ ተመልካቹና መድረኩ ስላልተያዩ ኦፔራው ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ኧርልስ ኮርት ላይ ደግሞ የከብት ኤግዚቢሽን ነበር፤ ለሽልማት የቀረቡ የሰቡ ከብቶች ይታፈኑ ጀመር፤ የሞተም፣ ሳይሞት የታረደም ነበር። ስለ እነዚህ ከብቶች አንድ የሚገርም ነገር ይነገራል። ይበልጥ የተጎዱት ጉዝጓዛቸው ቶሎ ቶሎ የሚቀየርላቸው፣ የተቀማጠሉት ናቸው። ሽንትና እበት ላይ የተኙት የተሻለ ተቋቋሙት፤ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ አሲዱን ሳያረክስላቸው አልቀረም።

ከብት ሲወድቅ ታየ፤ ጋዜጣም ጻፈው። ሰው ሲወድቅ ግን አልታየም። ይህን ልብ በሉልኝ። በጎዳና ላይ የተከመረ ሬሳ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፣ ዱሮም ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስላቸው፣ አልጋቸው ላይ አረፉ። አንድ ሕፃን የሳንባ ምች ያዘው። ልባቸው ደካማ የነበረ አንዲት እናት ደረጃ ወጥተው ሲጨርሱ ወደቁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሐዘን ለብቻው አለቀሰ፤ ሐኪሙም እውነቱን ነው የጻፈው፦ ብሮንካይት፣ የሳንባ ምች፣ ልብ። ነገሩን አስቀድመው የጠረጠሩት ቀባሪዎችና አበባ ሻጮች ናቸው ይባላል፤ የሬሳ ሣጥንም የቀብር አበባም አለቀባቸው።

ለምን አልደነገጡም? ለምደውት ነበራ! ለንደን ከከሰል ጢስ ጋር ወደ 700 ዓመት ገደማ ኖራለች። ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ14ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የከሰል ማንደድን የሚከለክል አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ የሰማው የለም። በ1661 ጆን ኢቭሊን የተባለ ጸሐፊ ስለ ጢሱ መጽሐፍ ጽፎ ለዳግማዊ ቻርልስ አቀረበ። ቢራ ጠማቂው፣ ቀለም ነካሪው፣ ኖራ አቃጣዩ ከከተማዋ ይውጡ፤ በዙሪያዋም መልካም ሽታ ያላቸው ዕፅዋት ይተከሉ አለ። እኔን የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም የኢቭሊን ቅሬታ ግን ሌላ ነው። በለንደን አብያተ ክርስቲያናት የሕዝቡ ሳልና አክታ መትፋት ፈጽሞ አያቋርጥም ይላል። በጉባኤ መካከል ሳል ሲበዛ ሰባኪ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ንጉሡ መጽሐፉን ወደደው፤ ምንም አልተደረገም። በኋላ ዘመን ጭጋጉ ጭራሽ የከተማዋ መለያ ሆነ። «የአተር ሾርባ» ብለው በፍቅር ስም አወጡለት፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም ጭጋጉን ሊሥል ከአገሩ ተነሥቶ ለንደን ይመጣ ነበር። የተለመደ ነገር ማንንም አያስደነግጥም።

ነገሩን የገለጠው ቆጠራ ነው። ዶክተር ዊልያም ሎጋን የመንግሥት የሞትና የልደት መዝገብ ቤት የሕክምና ስታቲስቲክስ ኃላፊ ነበሩ። ሥራቸው በሽተኛ ማየት አይደለም፤ ቁጥር ማየት ነው። በታላቋ ለንደን ጭጋጉ በወረደበት ሰሞን፣ እስከ ዲሴምበር 6 ባለው ሳምንት፣ የሞተው ሰው 2,062 ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት 4,703 ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ሳምንት የሞተው 1,852 ነው። ሎጋን በ1953 መጀመሪያ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጭጋጉ ባይኖር ኖሮ የማይሞቱ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን አሳዩ። አንዱን ወረቀት ብቻ ብታነሡ የሳንባ ምች ነው የምታነቡት። ሁሉንም ደርድራችሁ ካለፈው ዓመት ጋር ስታስተያዩ ግን ጢሱ ይታያል።

ሞቱ ጭጋጉ ሲገፈፍም አላቆመም። እስከ 1953 መጀመሪያ ወራት ድረስ ከወትሮው የበዛ ሰው ይሞት ነበር። ጤና ሚኒስቴር ይህን «ኢንፍሉዌንዛ ነው» ብሎ ደመደመ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሚሼል ቤልና ዴቭራ ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መዝገቦቹን እንደገና አገላብጠው አሰሉ። ኢንፍሉዌንዛ ሊያስረዳ የሚችለው ከትርፉ ሞት ጥቂቱን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የሟቾቹም ቁጥር ወደ 12,000 ከፍ አለ። ዴቪስ ያደገችው በአሜሪካ፣ ዶኖራ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። በ1948 በዚያች ከተማ እንዲሁ ያለ ጢስ ወርዶ 20 ሰው ገድሎ ነበር።

ኢንፍሉዌንዛ ከተነሣ፣ ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። በ1911 ዓ.ም. (ይህ የእኛው ነው) አዲስ አበባን ያረገፈው «የኅዳር በሽታ» ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ያንን ዘመን ለማሰብ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ሐሳቡ በሽታውን በጢስ ማባረር ነው። በዚህ አባቶቻችን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ለንደኖችም በ1665ቱ ቸነፈር አየሩ እንዲነጻ በጎዳና ላይ እሳት አንድደዋል። እንግዲህ አስተያዩት፤ እኛ በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ጢስ አነሣን፤ እነርሱ የጢሱን ሥራ በኢንፍሉዌንዛ አሳበቡ። ጢስ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ጢስ በሽታ ነው የሚለውን ለመቀበል አእምሯችን ቶሎ እሺ የሚል አይመስለኝም።

የለንደን መንግሥትም ቶሎ እሺ አላለም። የቤቶች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ነገሩን ለማብረድ ነበር የሚሞክሩት፤ ያሉት ሕጎች ይበቃሉ ባይ ነበሩ። ፓርላማውና ጋዜጦቹ ሲበረቱ በ1953 በሰር ሂው ቢቨር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ያገኘው ነገር ለፖለቲከኛ የሚመች አልነበረም። ለመውቀስ የሚቀለው ፋብሪካ ነው፤ የጢሱ ትልቅ ድርሻ የሚወጣው ግን ከእያንዳንዱ ዜጋ ምድጃ ነበር። እሳት ዳር መቀመጥን የሚወድ ሕዝብ ደግሞ ምድጃህን ቀይር ሲባል ደስ አይለውም። ጄራልድ ናባሮ የተባሉ፣ ሪዛቸው ታዋቂ የሆነ የፓርላማ አባል የራሳቸውን ረቂቅ ሕግ ይዘው ቀረቡ፤ መንግሥት የራሱን እንደሚያመጣ ቃል ሲገባ አነሡት። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጢስ የተከለከለባቸው ሰፈሮች ተሰየሙ። ሕጉን የማደንቅለት ግን በዚህ ነው፤ «ከሰል አታንድድ» ብሎ ብቻ አልተወም፤ ምድጃውን ለሚቀይር ባለቤት የወጪውን አብዛኛውን ክፍል መንግሥትና ማዘጋጃ ቤት ይከፍሉለት ነበር። እንዲህም ሆኖ ወዲያው አልጠራም፤ በዲሴምበር 1962 ሌላ ጭጋግ ወርዶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ።

ምድጃ ካልኩ ዘንድ እኛም ጋ አለ። የአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። እንጀራ ሲጋገር ማድ ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁ አልቅሶ ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። እናንተ ወጣችሁ፤ እናታችሁ ቀረች፤ ብዙ ጊዜም ሕፃን በጀርባዋ አዝላለች። ዓይን የሚያስለቅሰው ጢስ ከክፉው ክፍል ቀላሉ ነው። ክፉው የማይታየው ብናኝ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ስለሚያንስ አፍንጫና ጉሮሮ አይዙትም፤ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ወርዶ ወደ ደም ይገባል፤ በዚያ በኩል ልብንና አንጎልን ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ጢሱ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ይቀርባል። የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ የሚጻፈው ግን የሳንባ ምች የሚለው ብቻ ነው፤ ማድ ቤቱ አይጻፍም። እሳቱን ከፍኖ የሚይዘው ምርጥ ምጣድ፣ ጢስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት፣ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ፣ ሕፃኑን ከእሳቱ አርቆ ለሌላ ሰው ማስያዝ፦ እነዚህ ከሐኪም ቤት በፊት ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሕፃኑን መያዝማ ከእናንተ መካከል ማንኛችሁም ትችላላችሁ።

ዛሬ ለንደን ውስጥ የከሰል ጢስ የለም። ተራው የመኪና ጢስ ነው፤ እርሱ ደግሞ አይታይም። በ2013 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና ከማይጠፋበት አውራ ጎዳና 30 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የምትኖር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአስም ሞተች። በተደጋጋሚ ሆስፒታል ስትገባ ስትወጣ ነበር። መጀመሪያ የተመዘገበው አስም መሆኑ ብቻ ነው። እናትየዋ መምህርት ነበረች፤ ልጇ የታመመችባቸውን ቀናትና በሰፈሩ የአየር መለኪያ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር የሚያስተያይላት ባለሙያ እስኪገኝ፣ ጉዳዩም እንደገና እስኪታይ ድረስ ዓመታት ደከመች። በዲሴምበር 2020፣ ከታላቁ ጭጋግ 68 ዓመት በኋላ፣ የሞት ምክንያት መርማሪው ዳኛ ውሳኔውን ሰጠ። በመዝገቡ ላይ ሦስት መስመር ተጻፈ፦ የመተንፈሻ አካል ሥራ ማቆም፤ ከባድ አስም፤ ለአየር ብክለት መጋለጥ።