የመጨረሻው ሰው ማን ነበር?

በእንግሊዝና በአየርላንድ ከተሞች፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ብዙ መጠጥ ቤቶች ወደ ጥያቄ ሸንጎ ይለወጣሉ። ደንበኞች በየጠረጴዛው ተቧድነው፣ እርሳስና ወረቀት ይዘው፣ ጠያቂው በድምፅ ማጉያ የሚያነብላቸውን የአጠቃላይ እውቀት ጥያቄ ይመልሳሉ። ነገሩ ተራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀው የጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ የተጸነሰው፣ የቢራ ፋብሪካው ኃላፊ ሰር ሂዩ ቢቨር በ1951 አየርላንድ ውስጥ ለአደን በወጡበት ወቅት፣ ከሚታደኑት የአውሮፓ ወፎች ሁሉ ፈጣኑ የቱ ነው በሚል ክርክር ተነሥቶ መልሱን የያዘ መጽሐፍ በመታጣቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም ለጥያቄ ጨዋታ እንግዶች አይደለንም። «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ልዩነቱ ቅጣቱ ላይ ነው። በመጠጥ ቤቱ መልስ ያጣ ነጥብ ያጣል፤ በእኛ እንቆቅልሽ ግን መልስ ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ያላወቀ አገሩን አስረክቦ ነው መልሱን የሚሰማው።

በእነዚህ ውድድሮች ከሚነሡት የሕክምና ታሪክ ጥያቄዎች አንዱ፣ «በፈንጣጣ የታመመው የመጨረሻው ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው አንድ ስም ይጠብቃል። እውነተኛው መልስ ግን ቢያንስ ሦስት ስሞች አሉት።

ፈንጣጣ ሁለት ዓይነት ነበር። ብርቱው፣ ካልተከተቡት ሕሙማን መካከል ሲሶ የሚሆኑትን ይገድል ነበር፤ ቀለል ያለው ደግሞ ከመቶ አንድ ገደማ። በብርቱው ዓይነት በተፈጥሮ መንገድ የተያዘችው የመጨረሻ ሰው፣ በ1975 የታመመችው የባንግላዴሽ ሕፃን ራሂማ ባኑ ናት። ከሁለቱ ከየትኛውም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው፣ በኦክቶበር 1977 የታመመው ሶማሊያዊው ዓሊ ማው ማሊን ነው። በፈንጣጣ የሞተችው የመጨረሻ ሰው ደግሞ፣ በ1978 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረችው ጃኔት ፓርከር ናት፤ በሽታው የደረሰባት ቫይረሱ ለምርምር ከተቀመጠበት ቤተ ሙከራ ነበር። እንግዲህ «የመጨረሻው» የሚለው ቃል ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ሐኪም ሕመምተኛውን «ያምሃል ወይ?» ብሎ እንደማያበቃ ሁሉ፣ የታሪክ ጠያቂም ምን፣ የትና እንዴት ማለት ይኖርበታል።

በዚሁ ርዕስ ሌላም የታወቀ ጥያቄ አለ። ኤድዋርድ ጄነር በሜይ 14 ቀን 1796 የስምንት ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ሲከትብ፣ ፈሳሹን የወሰደው ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ነበር፤ አላቢዋ ሣራ ኔልምስ ትባላለች። ውድድሩ የሚጠይቀው ግን የላሚቱን ስም ነው። ብሎሰም ትባል ነበር፤ ቆዳዋም ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተሰቅሎ ተጠብቋል። ላሚቱ ስሟ በመጻፉ ቅሬታ የለኝም። የምለው፣ ታሪክ ለላም የሚሆን ቦታ ካለው ለብዙ ሰዎችም ሊኖረው ይገባ ነበር ነው።

ከጄነር በፊት ቱርኮች፣ ሕንዶች፣ ቻይናዎችና አፍሪካውያን ሰውን ከፈንጣጣ በራሱ በፈንጣጣ ይከላከሉ ነበር። በ1721 በቦስተን ከተማ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ጥበቡን ለቄስ ኮተን ማዘር ነግሮት የነበረው በባርነት የተያዘ ኦኔሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ነው። በእኛም አገር፣ ከሕመምተኛው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቂቱ በጥቶ መቀባት የቆየ ልማድ ነበር። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። «ክትባት» የምንለው ቃል፣ በአንገት የሚንጠለጠለውን ጽሑፍ «ክታብ» ካሰኘው ሥር የወጣ ነው። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ያገራችን ሰው ክትባትን ሥጋ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ አድርጎ ነበር የተረዳው።

ይሁን እንጂ ይኸው አሮጌ ጥበብ ኋላ እንቅፋት ሆነ። በባህላዊው መንገድ የተከተበ ሰው እርሱ ቢድንም፣ የሚተላለፈው እውነተኛው ፈንጣጣ በመሆኑ ጎረቤቱን ሊያስይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የኢትዮጵያ መንግሥት የማጥፋቱን ዘመቻ በ1971 ሲጀምሩ፣ በጎጃምና በጎንደር አካባቢ ክትባቱን አንቀበልም ያለ ሕዝብ ያጋጠማቸው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነበር። ገበሬው የራሱ ከታቢ ነበረው፤ በአገሩ የነበረውም ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት በመሆኑ ከወባ ይልቅ ሊፈራው አልፈለገም። መንግሥትም ቢሆን ቅድሚያ የሰጠው ለወባ ማጥፊያው ሥራ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ከመኪና መንገድ ርቆ በሚኖርበት አገር፣ ከታቢው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ በእግሩና በበቅሎ መሄድ ነበረበት። መሣሪያው ጫፏ ሁለት ጥርስ የሆነ አነስተኛ መርፌ ነበረች፤ በክትባቱ ፈሳሽ ተነክራ ክንዱን በፍጥነት አሥራ አምስት ጊዜ ትወጋለች። ዘዴውም ሕዝቡን በሙሉ ለመከተብ መሞከር ሳይሆን፣ የታመመውን ፈልጎ ማግኘት፣ ከሰው መለየትና በዙሪያው ያሉትን መክተብ ነበር። ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ዴ ኳድሮስ ከዘመቻው መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላትና ጃፓናውያን በጎ ፈቃደኞችም ተካፍለዋል። ነገር ግን የሥራው ሸክም የወደቀው በኢትዮጵያውያኑ ሳኒታሪያኖችና ከታቢዎች ላይ ነው። ቋንቋውን፣ ዳገቱንና የባላገሩን ጥርጣሬ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ።

በመካከሉ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ አብዮት መጣ፤ በየጠረፉ ጦርነት ተነሣ። ሥራው ግን አልቆመም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም የተመዘገበው በኦገስት 1976፣ በኦጋዴን ምድር ዲሞ በተባለች መንደር ነው። ሕመምተኛዋ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ዓለም በሽታው አበቃ ሲል በሚቀጥለው ወር ሞቃዲሾ ላይ ፈንጣጣ ተገኘ። በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሁለቱ አገሮች በኦጋዴን ጦርነት ገጠሙ። ዓሊ ማው ማሊን በመርካ ከተማ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር፤ ዕድሜው 23። በኦክቶበር ወር ሁለት የታመሙ ልጆችን የጫነ መኪና መንገድ ቢጠፋው፣ እርሱ ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ አብሯቸው ሄዶ መራቸው። ያቺ ጥቂት ደቂቃ በቃች። መጀመሪያ ወባ ነው፣ ቀጥሎም ጉድፍ ነው ተባለ፤ በኋላ እውነቱ ታወቀ። ከእርሱ ጋር የተገናኙ 161 ሰዎች እየተፈለጉ ክትትል ተደረገባቸው። አንድም ሰው አላስያዘም፤ እርሱም ዳነ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ፣ ሞተች። በዚህ ምድር ላይ በተፈጥሮ ፈንጣጣ የሞተች የመጨረሻዋ ሰው እርሷ ናት፤ በመጠጥ ቤቱ ስሟን የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

ማሊን በወጣትነቱ መርፌ ፈርቶ ክትባትን ይሸሽ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ካረጀ በኋላ ይህንኑ ታሪኩን እየነገረ፣ እናቶች ልጆቻቸውን የፖሊዮ ክትባት እንዲያስከትቡ ሲወተውት ኖረ። በጁላይ 2013፣ ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ በመጣበት ጊዜ፣ በዘመቻው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ።

ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ የታወጀው በሜይ 8 ቀን 1980 ነው። ከዚያ በፊት ለአፍሪካ ቀንድ አገሮች ማረጋገጫ የተሰጠው በኦክቶበር 1979 ሲሆን፣ ከመጨረሻው ሕመምተኛ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍለጋ ያስፈልግ ነበር። ውድ አንባቢ፣ እነዚያ ሁለት ዓመታት የትኞቹ እንደነበሩ አስብ። ከ1977 መጨረሻ እስከ 1979 መጨረሻ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የወጣቶች ሬሳ የሚጣልበት፣ እናት ለልጇ እንዳታለቅስ የተከለከለችበት፣ በምሥራቅ በኩል ወታደር እንደ ቅጠል የሚረግፍበት ዘመን ነበር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው ከቤት ወደ ቤት፣ ከገበያ ወደ ገበያ፣ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» እያሉ የሚዞሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሌላው ሰውን እየፈለገ ሲገድል፣ እነርሱ ሰውን የሚፈልጉት ለማዳን ነበር።

ይህን የማነሣው የዘመኑን ግፍ ለማቅለል አይደለም። ግፉን አስታውሰን በጎውን ብንረሳ፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው ግማሽ አገር ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ነው። በስደት ያደጉ ልጆቻችን አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ የሮጠበትን ዓመት፣ የአድዋን ቀንና የሉሲን ስም ያውቃሉ፤ መልካም ነው። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የት እንዳበቃ ጠይቋቸው፤ ከዚያም ወላጆቻቸውን ጠይቁ። እኔም ትምህርቴን በባዕድ አገር ስቀስም፣ ስለ ጄነር ላም ተምሬያለሁ፤ ስለ ዲሞ ግን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ከእነዚያ ከታቢዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አንዳንዶቹ እንደኛው ስደተኞች ሆነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ከጎናችን ይቀመጣሉ። ሳይዘገይ ልንጠይቃቸው ይገባል፤ የት ድረስ ሄዱ፣ ማን አሳደራቸው፣ ማን በዱላ አባረራቸው፣ ማን ከመንገድ ቀረ። መልሳቸውን ሰምቶ መጻፍ ለእኛ የተተወ ክትባት ነው። ካልጻፍነው፣ እንቆቅልሹን የሚጠይቁን ልጆቻችን ይሆናሉ፤ እኛም «አገር ስጡን» ሲሉን የምንሰጣቸው አገር አይኖረንም።