ሥራው ለማን ተሰጠ? በጣና ዙሪያ የግንባታ ውል አሰጣጥ ታሪክና የሕዝብ ቅሬታ

(በመራዊ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፋዊ ቅጂ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ በሻይ ቤትና በዕድር ድንኳን የሚነገር ነው። መንገድ ተቆፍሮ ሲቀር፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ ጣሪያ ሳይለብስ ክረምት ሲገባበት፣ አዲሱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ በመጀመሪያው ዝናብ ሲደረመስ፣ ነዋሪው የሚጠይቀው «ማን ሠራው?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ለማን ተሰጠ? ማንስ ሰጠው?» ብሎም ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሙያ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሥልጣን ነው።

ይህን ቅሬታ በየስብሰባው «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ስም ሲሰጡት እሰማለሁ። እኔ ግን እንደ ታሪክ ተማሪ የማየው በሌላ መልክ ነው። ሕዝቡ ሁሉን ሥራ የሚጠረጥረው ስለማያውቅ ሳይሆን፣ ለረጅም ዘመን ያየው ነገር እንዲጠረጥር ስላስተማረው ነው። በዚህ በጣና ዙሪያ ባለፉት መቶ ዓመታት የተሠሩትንና ሳይሠሩ የቀሩትን ታላላቅ ሥራዎች ብንመረምር፣ ግልጽ ጨረታ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ሥራው ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን የኖረው ገንዘቡ የመጣበት በር ነው።

ከጣና ግድብ ልጀምር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ የዐባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተደነገገ። ከዚያም በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ አንዱ በጣና ግድብ፣ ሌላው በባቡር መንገድ የሚሹትን ለማግኘት እርስ በርስ ሊረዳዱ ደብዳቤ ተለዋወጡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ይህን አቤቱታ በ1918 ዓ.ም. ሰኔ ወር ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ። ዜናው በለንደን ከፍ ያለ ጩኸት አስነሣ። የኩባንያው መሐንዲሶች በ1923 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁንና አካባቢውን አጠኑ፤ ድርድሩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ በ1928 ዓ.ም. መባቻ የፋሺስት ወረራ ደረሰ። ያ ግድብ አልተሠራም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ፍሬ ነገር ያዙልኝ። የተፈሪ መኰንን ምርጫ ብልኅነት ነበረው፤ በአካባቢው ቅኝ ግዛት ከሌለው አገር ኩባንያ መፈለጋቸው የነጻነት ጥበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው የተመረጠው በዋጋና በጥራት ተወዳድሮ ሳይሆን በዜግነቱ ነው። ውሉ የምህንድስና ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የዲፕሎማሲ ጉዳይ ነበር። በሐይቁ ዳር የሚያርሰውና ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ደግሞ በዚህ ሁሉ መጻጻፍ ውስጥ ስሙ አልተነሣም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የባሕር ዳር መወለድ ነው። ዛሬ የምናውቃት ከተማ በአብዛኛው የ1950ዎቹ ልጅ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተሠራው ጣልያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር፤ የቆቃ ግድብም ከዚያው ምንጭ የመጣ ነው። የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተገነባ። በካሣ የሚሠራ ሥራ ካሣ ከፋዩ አገር ኩባንያዎች እጅ ይገባል፤ በእርዳታ የሚሠራም እንዲሁ ከረጂው ጋር የመጣውን መሐንዲስ ይቀበላል። ማንም «ሌላ ተጫራች ነበር ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅበት የሚችልበት በርም አልነበረም። ሥራዎቹ መልካም ነበሩ፤ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆነዋል። ነገር ግን ከተማዋ ስትወለድ ጀምሮ ሕንፃ ማለት ከላይ የሚሰጥ ስጦታ እንጂ ነዋሪው የሚቆጣጠረው ውል አልነበረም።

የሚያስገርመው፣ በዚያው ዘመን ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ3131 እስከ 3306 ባሉት አንቀጾች ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል በዝርዝር ደነገገ፤ ስለ ጨረታም፣ ስለ ሕዝብ ሥራዎች ግንባታም ተናገረ። የሕግ ተማሪዎቻችን እነዚህን አንቀጾች ዛሬም ያጠኗቸዋል። አንቀጹ በመጽሐፍ፣ ልማዱ በቢሮ፣ ሁለቱ ለየብቻቸው ኖሩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከእኛ ትውልድ ትዝታ የሚገባ ነው፤ እርሱም በለስ ነው። ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ በጣልያን መንግሥት ገንዘብ በበለስ ሸለቆ የተከፈተው የጣና በለስ ፕሮጀክት፣ ከሰፈራው ጋር ተያይዞ ሳሊኒ ለተባለው የጣልያን ተቋራጭ ያለ ውድድር ተሰጠ። ምክንያቱ አስቸኳይነት ነበር። ይኸው ምክንያት ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። የግልገል ጊቤ ሁለት ውል በ1996 ዓ.ም. ለዚሁ ኩባንያ በቀጥታ ድርድር ተሰጠ፤ ጉዳዩም በጣልያን አቃቤ ሕግ ዘንድ ምርመራ አስከፈተ። ጣቢያው በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከምረቃው ጥቂት ቀናት በኋላ 26 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዋሻው በከፊል ተደርምሶ ማመንጨት ለወራት ቆመ። ከጣና ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የበለስ ጣቢያም በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሲመረቅ፣ ተቋራጩም፣ አመራረጡም ያው ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ያለ ጨረታ የተሰጠ ሥራ ሁሉ መጥፎ ሥራ አይደለም፤ በጨረታ የተሰጠም ሁሉ አይጸናም። ዋሻ በማንም እጅ ሊደረመስ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከጥፋቱ በኋላ ነው። ውድድር የነበረበት ሥራ ሲበላሽ የምናነጻጽርበት ዋጋ፣ የምንመረምርበት ቃለ ጉባኤ አለ። በቀጥታ የተሰጠ ሥራ ሲበላሽ ግን የሚቀረን አሉባልታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ግን የመጣው ከውጭ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ የምንለው፣ የአገር ውስጥ አቅም ይገነባል ተብሎ ታላላቅ የመንግሥት ሥራዎች ያለ ውድድር ተሰጡት። ከእነዚህም መካከል በክልላችን ያሉት የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎች ይገኙበታል። ፋብሪካዎቹ ከተባለላቸው ጊዜ በብዙ ዓመታት ዘገዩ፤ ለስኳር የተተከለው አገዳ ወፍጮ ሳያገኝ ቆመ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት መግለጫ፣ ኮርፖሬሽኑ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጹ። ለእርሻው ሲባል መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ይህን ቁጥር በሬዲዮ ሲሰማ ምን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም። እርሱ ከየትኛውም ባለሥልጣን በፊት አገዳው ሲደርቅ አይቷል። ያየውንም የሚያቀርብበት ቦታ አልነበረውም።

አሁን ወደዚህች ከተማ፣ ወደ መራዊ ልመለስ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የቆጋ ግድብ አለ። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራውና 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው ይህ ሥራ፣ አበዳሪው በሚጠይቀው ዓለም አቀፍ የግዥ ሥርዓት ያለፈ ነው። በበለስና በቆጋ መካከል ያለው ልዩነት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ተፋሰስ አካባቢ፣ በተቀራራቢ ዘመን ተሠርተው፣ አንዱ በድርድር፣ ሌላው በጨረታ ተሰጡ። ይሁን እንጂ ቆጋም መዘግየት አላጣውም፤ የገበሬው የካሣ ቅሬታም እንዲሁ። ስለዚህ ጨረታ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ጨረታውን ያስገደደው አበዳሪው ባንክ እንጂ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። ተጠያቂነቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ለነዋሪው ቅርብ የሆነው ውል ግን ግድብ ሳይሆን ኮብልስቶን ነው። ባለፉት ዓመታት በከተሞቻችን የድንጋይ ንጣፍ ሥራ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶች ሲሰጥ፣ ዓላማው የሥራ ዕድል ስለነበር ከሙሉ ውድድር ይልቅ ትስስር ተመረጠ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን «ማን ተደራጀ? የትኛው ማኅበር ቀድሞ ተጠራ? ልኬቱን ማን አጸደቀ?» የሚሉት ጥያቄዎች በየቀበሌው ወንድምን ከወንድም ሲያቃቅሩ አይተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው በትልቁ ሹም ላይ ብቻ አይደለም፤ ሜትር ይዞ በሚለካው ላይም ነው።

ሕጉስ ዛሬ ምን ይላል? የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 430 በ1997 ዓ.ም.፣ ቁጥር 649 በ2001 ዓ.ም.፣ ቁጥር 1333 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ግልጽ ጨረታ መደበኛው ዘዴ ነው፤ ውስን ጨረታና ከአንድ አቅራቢ መግዛት ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። የተሸነፈ ተጫራችም ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ከፍ ላለው አካል ማቅረብ ይችላል።

ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ቅሬታ የማቅረብን መብት በዋናነት የሰጠው ለተጫራቹ ነው። በመንገዱ የሚሄደው፣ ጎርፉ ቤቱ የሚገባበት፣ ልጁን ጣሪያ አልባ ክፍል የሚልከው ሰው ግን በዚህ ሂደት ውስጥ ተከራካሪ ወገን አይደለም። ተጫራቾች እርስ በርስ ከተስማሙ፣ አንዱ ሊያሸንፍ ሌሎቹ ለማጀብ ከገቡ፣ ቅሬታ አቅራቢ አይኖርም፤ ቅሬታ ከሌለም በወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው። እኔ ራሴ ለጥናት ብዬ ከዓመታት በፊት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ተጠናቅቆ የተመረቀ ሕንፃ የጨረታ ግምገማ ቃለ ጉባኤ እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «ባለጉዳይ አይደሉም» የሚል ነበር። ሠራተኛው እውነቱን ነው፤ አሠራሩ እኔን ባለጉዳይ አላደረገኝም። የከተማውን ሕዝብም እንዲሁ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የጣልያንን ፖለቲካ የገለባበጠው የ«ንጹሕ እጆች» ምርመራ የጀመረው በሚላኖ ከተማ የአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ ከአንድ የጽዳት ተቋራጭ ጉቦ ሲቀበል በመያዙ ነው። ጨረታ የተሟላ ሕግ ባለበት አገር ጨረታው ከውስጥ ተበልቶ ነበር። በአንጻሩ ዩክሬን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ግዥ ሰነዶችን፣ የተሸናፊዎችን ዋጋ ሳይቀር፣ ማንም ዜጋ በኢንተርኔት እንዲያይ አደረገች። በአገራችንም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሯል። ጅምሩ መልካም ነው፤ ጥያቄዬ ግን መስኮቱ ለማን ይከፈታል የሚል ነው። ለተጫራቹ ብቻ የሚከፈት ከሆነ የቀድሞውን ክፍተት ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የከተማ ግንባታ ሲሰጥ አሸናፊው የተመረጠበት ምክንያትና የተሸናፊዎች ዋጋ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከውሉ በኋላ የሚመጣው የጊዜ ማራዘሚያ፣ የዋጋ ማስተካከያና ተጨማሪ ሥራ ሁሉ እንዲሁ ይገለጥ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያመልጠው ፖስታው በተከፈተበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ደብዳቤዎች ነውና። በተለይ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በሚዋዥቅበት፣ የጸጥታው ሁኔታም ሥራን በሚያስተጓጉልበት በዚህ ዘመን፣ እውነተኛውን ችግር ከሰበብ መለየት የሚቻለው ሰነዱ ሲታይ ብቻ ነው። ይህ ሐቀኛውን ተቋራጭም ከሐሜት ያድነዋል።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ለእናንተ ለተማሪዎቼ ነው። ስለ 1920ዎቹ የጣና ድርድር ዛሬ መጻፍ የቻልነው ደብዳቤዎቹ በለንደን፣ በሮምና በዋሽንግተን ቤተ መዛግብት ስለተጠበቁ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት እዚህ ስለተነጠፈ ድንጋይ ለመጻፍ ግን የምንይዘው ወረቀት የለንም። የየማዘጋጃ ቤቱን የውል ሰነድ ከመጋዘን አቧራና ከአይጥ ማዳን፣ መመዝገብ፣ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ማስቀመጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይሁናችሁ። ሥራው ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ ወረቀት ከጠፋ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድም እንደ እኛ በጥርጣሬ ብቻ ይከራከራል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከተማሪዎቼ በፊት ግን ለመራዊ ነዋሪዎች ቅድሚያ እንስጥ።