የአስታማሚ እጅ፦ ከቃሬዛ እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል



ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ታማሚ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) በር ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ለምን አስወጣችሁን? እኛ ካላስታመምነው ማን ያስታምመዋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አገር ታማሚ ያለ አስታማሚ አይታሰብም። ዛሬ መልሱን ከታሪክ ልጀምርላችሁ።

በአያቶቻችን ዘመን ክረምት ሲወጣ ንዳድ ይገባ ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ሲሸሽ የወባ ትንኝ ትራባለች። በ1950 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ክፉኛ የተጎዱት ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያላቸው ቦታዎች ነበሩ። የፎገራ ሜዳ ከፍታም በዚሁ መካከል ነው።

ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለማሠልጠን በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ያኔ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው በቃሬዛ ካልተወሰደ እቤቱ ይተኛል። ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ የሚያብሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን የሚያዳምጠው ቤተሰቡ ነው። ትንፋሹ ሲደክም ግን ቤተሰቡ ሊያግዘው የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1944 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1952)፣ የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ተጨንቃ ነበር። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ስለሚያሽመደምድ ሕፃናት ታፍነው ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች የ12 ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ ቱቦ እንዲገባ አደረገ፤ ከቱቦው ጋር የተያያዘ ከረጢት በእጅ እየጨመቀም አየር ሰጣት። ልጅቷ ተረፈች።

ይህን ለሁሉም የሚያደርግ በቂ ማሽን አልነበረም። ስለዚህ 1500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። በፈረቃ እየተቀያየሩ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት ከረጢቱን ጨመቁ። መተንፈስ ካቃታቸው መካከል አብዛኞቹ ይሞቱ የነበረው ቀርቶ ሟቾቹ ከግማሽ በታች ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በአንድ ቦታ፣ ያለማቋረጥ የሚጠበቁበትን ክፍል ከፈተ። ዛሬ አይሲዩ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

አያችሁ? አይሲዩ የተጀመረው በሰው እጅ ነው፤ ሌሊቱን ትንፋሽ እያዳመጠ በሚያድር ሰው። ማሽኑ በኋላ የመጣ አጋዥ ነው። በአገራችንም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ ወዲህ «ቬንቲሌተር» የሚለው ቃል በየቤቱ ተሰማ። ከዚያ ማሽን ጀርባ ዛሬም ነርስ ቆማ ታድራለች።

በሩ የሚዘጋው የታማሚው አቅም ስለተዳከመና በእጃችንና በልብሳችን የምንይዘው ተህዋሲ ሊገድለው ስለሚችል ነው። እናንተን ለመግፋት አይደለም። አይሲዩ ገባ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም፤ መዳኑ ተረጋገጠ ማለትም አይደለም። ከወረታ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ታማሚ ይዛችሁ ስትመጡ የእናንተ ሥራ የሚከተለው ነው፦

✅ ከሐኪሞች ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ፤ ስልኩ አይዘጋ። ለሌላው ዘመድ እሱ ይንገር።

✅ የቆየ በሽታውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የባሕል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳትደብቁ ተናገሩ። አንቆጣም። የክትትል ካርዱንም አምጡ።

✅ በየቀኑ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከትናንት ምን ተለወጠ? አሁን የሚያሰጋው ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን እንጠብቅ?

✅ በመጠየቂያ ሰዓት እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ። እጁን ያዙት፣ በስሙ ጥሩት፣ የቤቱን ወሬ ንገሩት። ባይመልስም ሊሰማ ይችላል።

❌ ሳትጠይቁ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ውሃም ጠበልም ቢሆን። ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

✅ እንደ ኮፐንሃገን ተማሪዎች በፈረቃ እረፉ። ብሉ፣ ተኙ። ታማሚው ወደ ቤት ሲመለስ ገና ብዙ ማስታመም ይጠብቃችኋል።

በመጨረሻ ለወላጆች፦ ትኩሳት ያለው ልጅ ካንቀጠቀጠው፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም ስትጠሩት ካልነቃ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በር ላይ ለተቀመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያምጣላችሁ። ለሚያስታምም ወዳጅዎ ያጋሩ።