የሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር፦ መሻገሪያው፣ መረቡና አዕዋፉ

ከደሴ ከተማ፣ ከሆጤ ሰፈር ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ በተራሮች መካከል የተኛውን፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለውን የሐይቅን ባሕር ያገኛል። በአገሩ ትውፊት ይህ ስፍራ ቀድሞ የብስ ነበረ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ባለቀሰች ጊዜ፣ ከመዓቱ የተነሣ እርሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ የተቀመጠችበትም ስፍራ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የተተከለበት ደሴት ሆነ ይላሉ። ዛሬ ውሃው ስለ ሸሸ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚህች ደሴት ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዘንድ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ እጅግ የተከበረ ሆነ። መጻሕፍቱም፣ ቀለቡም፣ ትምህርት ፈላጊውም ሁሉ ወደ ደሴቲቱ የደረሱት ውሃውን ተሻግረው ነውና፣ የዚህ ታላቅ ማኅደረ ጥበብ ታሪክ ሲነገር የመሻገሪያው ነገር ሊዘነጋ አይገባም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን መሻገሪያ አይቶ አሠራሩን በዝርዝር ጽፎልናል። አራት እንጨት ያጋድማሉ፤ በላዩ ምንጣፍ የሚሠራበትን ቄጤማ አስተካክለው ይደርባሉ፤ ሌላ አራት እንጨት በአግድሙ ጭነው አጥብቀው ያስራሉ፤ በየማዕዘኑም አንዳንድ ትልቅ ቅል ይሰቅላሉ፤ በዚህም ተቀምጠው ይሻገራሉ። በባሕሩ ውስጥ ጉማሬ መኖሩን፣ ደግሞም ራሱ አስቀያሚ፣ ገላው ልሙጥ፣ ሥጋው ግን እጅግ ጣፋጭ የሆነ ትልቅ ዓሣ መኖሩን ይነግረናል፤ ይህ ያለ ጥርጥር አምባዛ ነው። ወጀብ በተነሣ ጊዜ በአራት ቅል የተንሳፈፈ ቄጤማ ምን ያህል ሊቋቋም እንደሚችል ለሚያስብ ሰው፣ መነኰሳቱ የነፋሱን ጠባይ እንደ ዳዊታቸው አጥንተው መኖር ግድ ሆኖባቸው እንደ ነበረ ግልጽ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት በወረራ በደረሰ ጊዜ ግን የውሃው ቅጥር ብቻውን አልበቃም፤ መነኰሳቱ የገዳሙን ወርቅና ብር አስረክበው ቤተ ክርስቲያናቸውን ከእሳት አተረፉ።

በመረብ ዓሣ የማጥመዱ ሥራ ከዚህ ሁሉ ይልቅ እጅግ ወጣት ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከሌላ ውሃ መጥቶ በሐይቅ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ እርሱ ከተራባ በኋላ በጀልባና በናይሎን መረብ የሚተዳደር ሰው በዳርቻው በዛ። ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗልና ይህ በጎ ነገር ነው፤ የሚነቅፈውም አይገኝም። ነገር ግን ዓሣ በሊታው ንስር ከውሃው ገጽ ሲነጥቅ፣ ሌሎች አዕዋፍ ደግሞ ጠልቀው ከውሃው ውስጥ ምግባቸውን ያሳድዳሉ። ዓሣው ራሱን አግብቶ መመለስ እንዲሳነው ሆኖ የተሠራው ቀጭን ናይሎን፣ ለጠላቂው ወፍም የማይታይ ወጥመድ ይሆንበታል፤ በውሃው ውስጥ ተይዞ ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። በ2013 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት፣ እንዲህ ባለ መረብ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ቢያንስ 400,000 አዕዋፍ እንደሚሞቱ ገምቷል። ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ጥፋቱ ይብሳል፤ ማዕበሉ መረቡን ከታሰረበት ድንጋይ ነቅሎ ይወስደዋል፣ ናይሎንም ስለማይበሰብስ ባለቤቱ የረሳው መረብ ዓሣውንም ወፉንም ለብዙ ዘመን ሲገድል ይኖራል።

ለእንዲህ ያለ ጥፋት በሌላ ስፍራ መላ ተገኝቶለታል። በደቡባዊው ውቅያኖስ፣ በሺህ የሚቈጠር መንጠቆ በአንድ ገመድ አስረው የሚጥሉ መርከቦች አልባትሮስ የተባለውን ታላቅ የባሕር ወፍ ይፈጁ ነበር። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ከመርከቡ በስተ ኋላ ቀለማም ጨርቅ የተንጠለጠለበት ገመድ እየጐተቱ ወፉን ማስፈራራት ጀመሩ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991ም የአንታርክቲክን ባሕር ሀብት የሚጠብቀው ኮሚሽን ይህንኑ በመርከቦቹ ላይ ግዴታ አደረገው። እኔን የሚያስደንቀኝ መድኃኒቱ ከራሳቸው ከአጥማጆቹ እጅ መገኘቱ ነው። በሐይቅ ውስጥ ጠልቆ ለሚቆይ መረብ ግን ያ ገመድ አይረባም፤ ሌላ ብልሃት ያስፈልገዋል። ቄጤማው የሚያድግበት ዳርቻ የአዕዋፍ መራቢያ ነውና መረቡ ከዚያ ርቆ መጣል አለበት፤ ሰማዩ ሲጠቁርም ሳይዘገይ መነሣት አለበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ አዋጁን የሚያስፈጽሙት ሰዎችና የሐይቅ አጥማጆች በአንድነት ተቀምጠው፣ ወጀብ የወሰደው መረብ ተፈልጎ ሳይወጣ ባለቤቱ ሌላ እንዳይዘረጋ ሊወስኑ ይገባል።